ሁለተኛው ሲም የኡሊሴስ ነው

በቶፖሎባምፖ ወደብ ሃያ ሁለት ዓመት ሽሪምፕ ስትልጥ የኖረች ሴት በቀላሉ አትፈራም። ኤልቢራም አትፈራም ነበር። ቢላዋ አልፈራችም፣ የፋብሪካ አለቃ አልፈራችም፤ ባሏ ጥሏት ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሲሄድ እንኳ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት» ብላ በማግስቱ ሥራዋ ላይ ተገኝታለች። ከአሥራ አራት ወር ወዲህ ግን ስልክ ሲጮህ ትፈራለች።

አንድ ልጅ ነበራት፣ ኡሊሴስ። «ነበራት» ማለቴን ብትሰማ በዚያው በቢላዋዋ ታባርረኝ ነበር፤ እሷ «አለኝ» ነው የምትለው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሎስ ሞቺስ ከተማ ማቀዝቀዣ ሲጠግን ውሎ ማታ ቤቷ የሚገባ፣ እናቱን «አለቃዬ» እያለ የሚያስቅ ልጅ። ሐሙስ ሐሙስ ማምሸት ልማዱ ነበር፤ አንድ የመስከረም ሐሙስም ከሥራ ሲወጣ «አለቃዬ፣ ዛሬ አመሻለሁ፣ አትጠብቂኝ» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ በኋላ ስትደውልለት የምታወራት ያቺ በቴፕ የተቀዳችው ሴት ብቻ ሆነች፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን ዘግተዋል»።

መርማሪዎቹ ቢሮ ሄደች። «ፋይሉ በሂደት ላይ ነው» አሏት። እኛ ጋ ፋይል ሂደት ላይ ነው ከተባለ መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ቡናውን አስቀምጦበታል ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ እናቶች ራሷ መፈለግ ጀመረች። የኡሊሴስ ክርስትና እናት ማካሪያ የምትመራው የፈላጊ ሴቶች ማኅበር አለ፤ ረቡዕና ቅዳሜ አካፋ ይዘው ወደ ቁጥቋጦው ይወጣሉ፣ ጫፉ የሾለ ብረት መሬት ውስጥ ይሰካሉ፣ መልሰው ይነቅሉና ጫፉን ያሸታሉ። ሬሳ ከሸተታቸው ይቆፍራሉ።

የልጇን ፎቶና የራሷን ቁጥር በየምሰሶው የለጠፈች ሰሞን አንድ ወንድ ደወለላት። «ልጅሽ እኛ ጋ ነው» አላት። ከኋላው የሚያለቅስ ልጅ ይሰማል። «ኡሊሴስ! አንተ ነህ?» ብላ ጮኸች። የሚያለቅሰውም ቀበል አድርጎ «አዎ እማ፣ ኡሊሴስ ነኝ» አለ። ፍሪጇንም ቴሌቪዥኗንም ሸጣ ላከች። ልጇ በሕይወቱ «እማ» ብሏት እንደማያውቅ ትዝ ያላት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ስሙን ራሷ ነበረች ያቀበለቻቸው።

ማካሪያ ያን ቀን ተቆጣቻት። «አንቺ አበልጄ፣ ቀድሞ የተናገረ ተበላ! ስልክ አንሺና ዝም በይ። አቤት አትበይ፣ ማን ልበል አትበይ። እነሱ ይለፍልፉ፤ አንቺ ቅጂ፣ ከኋላቸው ያለውንም ድምፅ አዳምጪ።» ይህ የማካሪያ ብቻ ሕግ አይደለም። ከኛ ጀምሮ እስከ ጎረቤታችን ሶኖራ ክፍለ ግዛት ድረስ ያሉ ፈላጊ ሴቶች ሁሉ እርስ በርስ የተማማሩት ነው።

ኤልቢራ በየወሩ የልጇ ቁጥር እንዳይሞት ካርድ ትሞላለት ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ግን የሱቋ ሴትዮ አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች፣ አልሄድ አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ያልተነገረበት ቁጥር ወሩ ሲያልቅ ተወስዶ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብላ ነገረቻት።  አንድ የማታውቀው ሰው በኡሊሴስ ቁጥር «አቤት» ሊል ነው።

ቁጥሩ፣ ልጁ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሲገዛለት፣ በስሟ ነበር የወጣው። መታወቂያዋን ይዛ ሎስ ሞቺስ ሄደች። ባንኮኒው ላይ ያገኘቻት ጥፍሯ ይህን የሚያህል ልጅ ስልኳን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ማዘር፣ ስልክዎ እኮ ባለ ሁለት ሲም ነው፤ አንደኛው ቦታ ባዶ ነው። የራስዎም ይሠራል፣ የልጅዎም ይሠራል። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እዚህ ጋ ስጫን የድሮው ሲም ይሞታል። ልጅዎ እጅ ላይ ካለ ከእንግዲህ አይሠራለትም።»

ኤልቢራ ለአንድ ዓመት ያህል ስትተኛም ስትነሳም የምታየው አንድ ነገር ነበር፤ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ጎተራ ውስጥ፣ ጠባቂው ሲያንቀላፋ ልጇ ስልኩን አብርቶ ወደ እሷ ሲደውል። አሁን በገዛ እጇ ያቺን ስልክ ልትዘጋበት ነው። ካልዘጋችበት ደግሞ ቁጥሩ የማንም መጫወቻ ይሆናል።

«ልጫን?»

«ቆይ እስቲ።»

«እመቤት፣ እኛም ጉዳይ አለን!» አለ ከኋላ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ።

«የኔን ጉዳይ አያሳይህ» አለችው ዞር ሳትል። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። «ተጫኚው ልጄ።»

ባለ ጥፍሯ ልጅ ሁለቱን መስመሮች በየስማቸው ጻፈችላቸው፤ አንደኛው «ኤልቢራ»፣ ሁለተኛው «ኡሊሴስ»። ለሁለተኛው የተለየ ጥሪ አደረገችለት። ዋትሳፑንም በሁለቱም ቁጥር ከፈተችላት።

ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ስልኩ በኡሊሴስ መስመር ይንጫጫ ጀመር። መልእክት በመልእክት ላይ። ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሆነች። ስትከፍተው ሁሉም የራሷ ናቸው፤ ባለፈው ወር የጻፈችለት ሁሉ ተጠራቅሞ ቆይቶ ነው። «ልጄ በላህ?» «ዛሬ ነፋስ ነው፣ ጃኬትህ እዚህ ቀርቷል።» «ተቆጥቼህ እንዳይመስልህ።» በራሷ መስመር በኩል ስታይ፣ አንዲት ራይት ብቻ ይዘው የከረሙት መልእክቶች ሁለት ሁለት ራይት አወጡ። ደረሰው ማለት ነው። የደረሰው እጇ ላይ ባለው ስልክ መሆኑን እያወቀች ደስ አላት፤ ወዲያው በራሷ አፈረችና አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ስልክ ተሸክማ እንደምትዞር ሴት ሆነች። በመጀመሪያው መስመር ጎረቤት ይደውላል፣ ፋብሪካው ይደውላል፣ እሱን ታነሳለች፣ ትስቃለችም። ሁለተኛው ዝም ይላል። ዝም ሲል ትፈራለች፤ ይጮህ ይሆናል ብላም ትፈራለች። መታጠቢያ ቤት ይዛው ትገባለች። ሽሪምፕ ስትልጥ በላስቲክ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ትሸጉጠዋለች፤ አለቃዋ አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ልብስ እያሰጣች ሳለ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ ከላዩ ላይ «ኡሊሴስ» ይላል። እርጥብ አንሶላው ከእጇ ወደቀ። መቅጃውን ተጫነች፣ አነሳች፣ ዝም አለች።

በወዲያኛውም በኩል ዝም።

የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ሩቅ ቦታ ጋዝ የሚሸጥ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ያልፋል። ኤልቢራ አተኩራ አዳመጠች፤ ከኋላ የሚያቃስት አለ? ሰንሰለት አለ? ምንም የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። እነሱ ቀድመው ያልተናገሩበት ጊዜ አጋጥሟት አያውቅም። የራሷ ትንፋሽ እንዳይሰማ አፏን በእጇ ከደነች።

«ከፈትከው አይደል?» አለች ድንገት አንዲት ሴት። እያለቀሰች ነው። «አሥራ አራት ወር ዘግተህ ተቀምጠህ አሁን ከፈትከው! አንተ አውሬ፣ ልጄን ለምን ገደልካት? ምን አደረገችህ?»

«ምን?» አለች ኤልቢራ ሳታስበው።

«አሃ! ሴት አለችው! ሚስቱ ነሽ? እናቱ ነሽ? ንገሪው፤ ቁጥሩን ይዤዋለሁ። መሬት ቢገባ አወጣዋለሁ በይው!» ተዘጋ።

ኤልቢራ የወደቀው አንሶላ ላይ ቁጭ አለች። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እሷ ግን ይኼን ፈርታው አታውቅም። ልጇ ሞቶ ይሆናል ብላ ፈርታለች፣ ተደብድቦ፣ ተርቦ፣ አብዶ ይሆናል ብላ ፈርታለች። ገድሎ ይሆናል ብላ ግን አንድም ቀን አላሰበችም። ሐሙስ ሐሙስ የት ነበር የሚያመሸው? ጠይቃው ሲስቅባት ለምን ተወችው?

ማካሪያ ቤት በሩጫ ሄደች። ቅጂውን አሰማቻት። የፈራችውን ግን አልነገረቻትም፣ አፏ እንቢ አላት።

«ወጥመድ ነው» አለች ማካሪያ። «ሴት ያስደውላሉ እኮ። ሲሙን አምጪው፣ ቤትሽን ሳያገኙት ልቁረጠው።» መቀስ ሁሉ አንስታለች።

«አልቅሳለች እኮ፣ አበልጄ።»

«ያኛውስ ልጅ አላለቀሰም? ፍሪጅሽን ያስበላሽ? ምነው አንቺስ፣ ለቅሶ ሁሉ የእውነት ይመስልሻል!»

«አንዴ ዘግቼበታለሁ» አለች ኤልቢራ ስልኩን ሁለት እጇ ውስጥ ቀብራ። «ሁለተኛ አልዘጋበትም።»

ወደ ጓሮ ወጣች። ቁጥሩን ስትነካው ስልኩ ጠየቃት፤ በየትኛው ልደውል፣ በኤልቢራ ወይስ በኡሊሴስ? በኡሊሴስ አለችው። በአንድ ጥሪ ተነሳ። እንደገና ያው ትንፋሽ፣ ያው ዝምታ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለላት፤ ወዲያኛዋም ሴት ቀድሞ አለመናገርን የተማረች ናት። ለማጭበርበር የሚደውል ሰው ዝም አይልም፤ ዝም የምትል ፈላጊ ናት።

ሕጉን ራሷ ጣሰችው።

«ኤልቢራ እባላለሁ። የኡሊሴስ እናት ነኝ። ከአሥራ አራት ወር በፊት ሐሙስ ዕለት ወጣ፣ አልተመለሰም። ሲሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በቀደም፣ ቁጥሩ እንዳይወሰድብኝ ብዬ። እህቴ፣ ልጄ ልጅሽን ገድሎ ከሆነ አትደብቂኝ።»



«መስከረም አሥራ አራት ነው ሐሙሱ?» አለች ሴትየዋ።

«አሥራ አራት።»

«የኔዋም አሥራ አራት ነው። ዳማሪስ ትባላለች። እኔ ኢልዳ ነኝ፣ ሶኖራ፣ ናቦሆአ ነው ያለሁት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የደወለችባቸውን ቁጥሮች ዝርዝር ሰጡኝ። የመጨረሻው ይኼ ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ አውርተዋል። ከዚያ በኋላ የለችም። በየወሩ ስደውል ዝግ ነው። ባለቤቱ ነው የገደላት ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ለመርማሪዎቹም ነገርኩ።»

«አገኘሻት?»

«መጋቢት ላይ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰሊጥ ማሳ ዳር።» ኢልዳ ፈላጊ ሴቶች ሁሉ ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚጠያየቁትን ጠየቀቻት። «የአንቺው ምን ለብሶ ነበር?»

ኤልቢራ ይህን እንደ ጸሎት በቃሏ ነው የምትለው። «ግራጫ ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ፣ ሰማያዊ የሥራ ሸሚዝ።»

«የሸሚዙ ቁልፎችስ?»

ኤልቢራን ስለ ቁልፍ ማንም ጠይቋት አያውቅም። «ነጭ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ከታች ያለው ወልቆበት ነበርና... ነጭ አጥቼ በቡናማ ተካሁት።»

 ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፣ ከዚያ የኢልዳ ለቅሶ መጣ።

«ሁለት ነበሩ» አለች። «አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ነበሩ፣ እህቴ። የኔዋን በጥርሷ አውቄ ወሰድኳት። ያኛውን የጠየቀ የለም፤ እዚያው ሬሳ ክፍል ነው ያለው። ይቅር በይኝ። አፋፉ ላይ ቆሜ የስልኩን ባለቤት ስረግመው እሱ ከጎኗ ተኝቷል።»

ኤልቢራ የጓሮውን አጥር ይዛ ቆመች። ማካሪያ መቀሷን እንደያዘች በሩ ላይ ደርሳ ፊቷን አየችና ሳትጠጋ ቀረች። ለአሥራ አራት ወር ከሆዷ ያልወጣው ፍርሃት ቦታውን ለቅቆ ሄደ፤ በቦታው የመጣውን ገና አታውቀውም። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኢልዳ፣ እጁ ታስሮ ነበር?»



«የለም እህቴ» አለች ኢልዳ። «አልታሰረም። እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው።»

ኤልቢራ በዚህ ዓመት ከማካሪያ ጋር ሆና አሥራ አንድ ሰው ከመሬት አውጥታለች። እጁ ያልታሰረ አንድም አላየችም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለቻት።