ሁለቴ ብልጭ፣ ደግሞ ሁለቴ

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። ባለፈው ሰሞን የልጄ ባል ስልኩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ፣ «እማማ፣ ይኸው ሕመሟን ነገረችኝ» ቢለኝ፣ ሳላስበው «የኔዋም ነግራኝ ነበር፤ ያውም ያለ ስልክ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ማን ይፋታኝ! የጎረቤት ወጣቶች ሳይቀሩ ካልነገርሽን አሉ። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። ትምህርት ቤት ደጁንም አልረገጥኩ። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ እግሬም አፌም አንድ ቦታ መቀመጥ አያውቅም።

ከባለቤቴ ጋር ወደዚህች ወደብ ከተማ ከድሬዳዋ በባቡር ነው የመጣነው። እሱ ሾፌር ነበር፣ እኔ ሰው ቤት ገባሁ። ራስ ዲካ፣ ባሕሩ ዳር፣ አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ልጄንም የወለድኩት እዚያው ግቢ ነው። በበጋ ያ የእሳት ነፋስ ሲጋረፍ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሸሽ፣ እኔ የነሱን ሸሚዝ ስተኩስ እውል ነበር። ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲሉ ሴትየዋ እጄን ይዛ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ነጭ መኪና አሳየችኝ። «ያንቺ ናት፤ የድካምሽ» አለችኝ።

አሮጌ ናት። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ እዚህ «ካትካት» የሚሏት ዓይነት ናፍጣ። ወረቀቱ ግን በባለቤቴ ስም ወጣ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝ፣ ፊርማ የለኝ። «ባልና ሚስት ምን ልዩነት አለው» አሉኝ፤ አመንኩ።

እሱ በመኪናዋ እንግዳ ወደ አሳል ሐይቅ ያመላልስ ጀመር። እኔ ጋቦዴ ሰፈር ሌላ ቤት ገባሁ። እዚያ ልጅ ይዞ መግባት የለም፤ ልጄ አባቷ ዘንድ ቀረች። ስድስት ሌሊት እዚያ አድሬ፣ ልጄን የማያት አርብ አርብ ብቻ ሆነ። አርብ ስመጣ መጀመሪያ ልጄን አጥባለሁ፣ ቀጥዬ መኪናዋን። ኮፈኑን ከፍቼ የአሳልን ጨው ከየቱቦውና ከየሽቦው በጨርቅ ስጠርግ፣ ውስጧን እንደ ልጄ ገላ አወቅሁት።

አንድ ሰሞን ሾፌሩ ፊት ለፊት የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት በራች፤ አልጠፋም አለች። መኪናዋ ጠዋት በግድ ትነሳለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳታል። ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ደግሞ በዚያው ሳምንት መኪናዋን በቋሚነት ሊከራያት ተስማምቶ ነበር። ግን ሰውያቸው መጥቶ ያያታል፤ መብራቷ በርታ ካገኛት ቀረ። አሥር ቀን ሰጡን። ያ ሥራ ከተገኘ እኔ ከጋቦዴ እወጣለሁ፣ ከልጄ ጋር አድራለሁ። ለኔ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር።

ገበያ ስመላለስ መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሶማሌ ሜካኒክ ነበሩ። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ ሠርተዋል፤ አማርኛቸው አልጠፋም። «አዴር» እላቸዋለሁ፤ በነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደማለት ነው። ነገርኳቸው።

«መቼ የተሠራች ናት?»

«ልጄ ሳትወለድ በፊት።»

«እንግዲያ በመብራት ነው የምታወራው» ብለው ቀጭን ሽቦ ቆረጡና እንደ ጸጉር መርፌ አጠፉልኝ። ኮፈኑ ሥር ካለችው ክዳን ያላት ሶኬት የትኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች እንደማገናኝ መሬት ላይ በጣታቸው ሥለው አሳዩኝ። «ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኪ፣ ታቃጥያታለሽ። ቁልፉን አዙሪ፣ ሞተሩን ግን አታስነሺ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ቆጥረሽ አምጪልኝ።»

«እኔ ያልተማርኩት? የምችል ይመስልዎታል?»

«የፈረንጅ ካልሲ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማን ቆጠረላቸው?» ሳቅን።

አርብ ጠዋት ባለቤቴ ሳይነሳ ሽቦውን ከትቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሁለቴ ብልጭ፣ ዝም። ደግሞ ሁለቴ ብልጭ። ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ፣ እንደገና ያው። አምስት ጊዜ አየሁት፣ አልተለወጠም። በሻሼ አንድ ጫፍ ሁለት ቋጠሮ፣ በሌላው ጫፍ ሁለት ቋጠሮ ቋጥሬ ወደ አዴር ሮጥኩ።

«የውሃውን ሙቀት ለሞተሩ የምትነግረው ናት» አሉ ቋጠሮውን ዳሰስ አድርገው። «አውራ ጣት የምታክል ናስ። ወይ እሷ ሞታለች፣ ወይ ጨው ሽቦዋን በልቶታል። ነገ ጠዋት ባልሽ ይዟት ይምጣ፤ ቁርስ ሳይደርስ ትድናለች።»

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ደስታው አላስችል አለኝ፤ እስኪመሽ መጠበቅ ነበረብኝ። ጫት ከድሬዳዋ ገብቶ ከተማው ሁሉ ሥራ ያቆመበት ሰዓት ነው። ባለቤቴ ከጓደኞቹ ጋር ትራስ ተደግፎ በርጫ ላይ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሻሼን ዘርግቼ፣ በሰው ፊት ነገርኩት።

ሳቁ! «አንተ መሪውን ያዝ፣ ሞተሩን ለሚስትህ ተውላት!» አለ አንዱ። ሜካኒክ ጓደኛው ደግሞ፣ «የቢሮው ሰውዬ ሲመጣ ሻሿን አሳየው፤ ማኅተም አለው በለው» አለ።

ባለቤቴ አልሳቀም። «ቫሊዝ ነው የማመጣው» አለ። ቫሊዝ በፈረንሳይኛ ሻንጣ ነው፤ የዚህ አገር ሜካኒኮች የመኪና መመርመሪያውን መሣሪያ እንደዚያ ይሉታል። በርጫ ላይ ይህን ያህል ጆሮ የሰማውን ነገር ጠዋት ተነስቶ ትቼዋለሁ የሚል ወንድ እዚህ ከተማ አላየሁም።

በማግስቱ እመቤቴን ለምኜ አብሬው ሄድኩ። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የመናዊ ነጋዴ ሁለት መሣሪያ ዘረጋልን። አንዱ ግራጫ፣ ከባድ፣ የተጫጫረ፤ ብዙ ጭራ አለው፣ የየጭራው ጫፍ ለየመኪናው የተለየ ነው። ሌላው አዲስ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ የሚያበራ።

«የመኪናህ ዕድሜ ስንት ነው?» አለ ነጋዴው።

«አሮጌ ናት፤ ግን ጤነኛ ናት።»

«አሮጌ ከሆነች ግራጫውን ውሰድ።»

ባለቤቴ ሰማያዊውን ከእጁ አላወርድም አለ። እኔ ጫፉን አየሁት። የኛዋን ሶኬት ስንት አርብ ጠርጌያታለሁ። «አፉ እኮ አይገጥምም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አንቺ ደግሞ! ማገናኛ አለው።»

«ማገናኛው አፉን ያገጥመዋል እንጂ ቋንቋዋን አያስተምረውም» አለ ነጋዴው በአረብኛ። እኔ ሰማሁ። እሱም ሰምቷል። ሰማያዊውን ገዛ።

ከሰዓት ሳይደርስ ያ ሜካኒክ ጓደኛው መጣ። ማገናኛውን ሰካ፣ መሣሪያውን አበራ፣ ጠበቀ። ነቅሎ ደግሞ ሰካ። ስክሪኑ ሲያበራ ከሩቅ ይታየኛል። ቀና ብሎ ባለቤቴን አየው። ባለቤቴ ክንዱን ይዞ ከመኪናዋ ጀርባ ወሰደው፤ ጥቂት አወሩ። ሲመለሱ ጓደኛው ፊቴን ሳያይ፣ «ፖምፓው ነው» አለ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ማለቱ ነው።

«አዴር ግን የውሃ ሙቀት…»

«እትዬ፣ መሣሪያው ጽፏል እኮ!» አለ።

ጽፏል ከተባልኩ ምን እላለሁ? የተጻፈ ነገር ሲመጣ እኔ ሁልጊዜ አፌን እዘጋለሁ። የዚያን ቀንም ዘጋሁ። ባለቤቴ፣ «ፈትቶ አጥቦ ይመልሰዋል፣ ምን ትሆናለች» አለ።

ፖምፓው እንዲያ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። ሲመለስ መኪናዋ ጭራሽ አልነሳም አለች። በአሥረኛው ቀን የቢሮው ሰው መጣ። ቁልፉ ሲዞር ያቺ ቢጫ መብራት ከፊቱ በራች። ሰውዬው እጁን ከኪሱ እንኳ ሳያወጣ ሄደ።

ከዚያ ነጩ መኪናዬ ግድግዳ ጥግ ቆማ ቀረች። በየወሩ የሆነ ነገር ይነቀልላታል። ባትሪዋ ሳይወጣ አንድ አርብ ሽቦዬን ከተትኩባት። ሁለቴ ብልጭ፣ ደግሞ ሁለቴ። ያንኑ ትላለች።

ጋቦዴ ስምንት ዓመት ጨመርኩ። ልጄ ያለኔ አደገች። መጀመሪያ መጀመሪያ አርብ ስመጣ ሮጣ አንገቴ ላይ ትጠመጠም ነበር። በኋላ በኋላ ወንበር ታመጣልኝ ጀመር፤ «ውሃ ላምጣልሽ?» ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ። ይኸው አሁን ይህን ስትጽፍ እጇ ቆመ። ጻፊ፣ ልጄ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ስለዚያች መብራት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ሰማያዊውን መሣሪያ በፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። እኔ መሣሪያው ተሳስቶ ነው እል ነበር። ዕቃ ነው፣ ይሳሳታል ብዬ ለባለቤቴም አዘንኩለት።

ታሞ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ያ ሜካኒክ ጓደኛው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሸብቷል። አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ስለ ፖምፓ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ስክሪኑ ያለው ‹ግንኙነት የለም› ብቻ ነው። ሽማግሌው ዘንድ እንውሰዳት አልኩት። እሱ ነው ከመኪናው ጀርባ ወስዶ፣ ‹የሆነ ነገር በል፤ እሷ ፊት ባዶ እጄን አታስቀረኝ› ያለኝ።»