ያለ ጥይት የተማርኩት ተኩስ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከፖሊስ ማሠልጠኛ ፈቃድ ወጥታ ልደታ መጣች። ምሳ እየበላን፣ «እማማ፣ የምተኩሰው ሁሉ ከዒላማው በታች ይመታል» አለችኝ። የጠመንጃዋን ምላጭ መንጭቃ እንደምትስበው ሳትነግረኝ አወቅሁ። እኔም በዕድሜዋ አንድ ክረምት ስመነጭቅ ነው የከረምኩት።

ጊዜው የጣሊያን ዘመን ነው። ባለቤቴ ጫካ ከአርበኞቹ ጋር ነበር፤ እኔም ልከተለው ቆርጫለሁ። ያኔ እዚሁ ልደታ አብሬያቸው የምኖረው አጎቴ ጋሽ ተሰማ፣ ጦር ሜዳ እግራቸውን ተመትተው የተመለሱ ወታደር ናቸው። «መተኮስ ሳትችዪ ብትሄጂ ሸክም ነው የምትሆኚባቸው» አሉኝ።

ምንሽር ጠመንጃቸው ከአልጋው ሥር ተቀብሯል። ቢገኝ ሁለታችንም መሰቀላችን ነው። ስለዚህ የምንማረው ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጣሊያኖቹ ሲጠለሉ ነበር። ጥይት የለም። ጋሼ ባዶውን ያቀባብሉና አፈሙዙ ላይ አንዲት የተቆላች ሽምብራ ያስቀምጣሉ። «ምላጩን ስትስቢ ካልወደቀች ያንቺ ናት። ከወደቀች የኔ።»

ብዙ ቀን ሽምብራውን የበሉት እሳቸው ናቸው።

«አትጎትቺው፣ ቀስ ብለሽ ተጫኚው» ይሉኝ ነበር እያኘኩ። «መቼ እንደሚተኩስ አንቺም አትወቂ። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ልቀቂና እንደገና ጀምሪ። መልቀቅ አያሳፍርም።»

መስከረም ሲጠባ ሽምብራው ሁሉ የኔ ሆነ። እንጨት ሸጠው ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ተቀላቅዬ ከከተማ ወጣሁ። ጫካ ስደርስ የጦሩ አለቃ፣ ኮስታራ ሰው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉኝ።

«ልተኩስ» አልኳቸው።

ጠመንጃና አንድ ጥይት ሰጥተውኝ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቅል አሳዩኝ። «ከሳትሽው ነገ ትመለሻለሽ።»

ምላጩን መጫን ስጀምር እጄ ተንቀጠቀጠ። ለቀቅሁት። ከኋላዬ ሰዎች ሳቁ፤ ባለቤቴ አቀረቀረ። አየር ስቤ እንደገና ጀመርኩ። ጠመንጃው ሲጮህ እኔው ራሴ ደነገጥኩ፤ ቅሉ ግን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ መመለስ ያነሳብኝ የለም።

ከሁሉ ይበልጥ የማይረሳኝ ግን በኋላ የሆነው ነው። አንድ ውጊያ ሊያበቃ ሲል አንድ ጢሙ ገና ያልበቀለ ጣሊያን ጠመንጃውን እንደያዘ ከቁጥቋጦ ብቅ አለ። አነጣጠርኩበት፤ ምላጩን እየተጫንኩት ነው። ድንገት ጠመንጃውን ጥሎ እጆቹን አነሳ። ምላጩን ለቀቅሁት። ማርከን ወሰድነው።

የልጅ ልጄ እጇን ከገበታው ሰብስባ ስትሰማኝ ቆየችና፣ «እኛ ጋ የሚመሰገነው ፈጥኖ የሚተኩስ ነው» አለችኝ። ፈጣኑም ይመስገን፣ አልከለክልም። እኔ የማውቀው ጣቴ ቀስ ማለትን ባይለምድ ኖሮ፣ ያ ልጅ እጁን ለማንሳት ጊዜ እንደማያገኝ ነው። ዕድሜ ሰጥቶት ከሆነ ይኸኔ እሱም የልጅ ልጆቹን ምሳ ያበላል።