ጋሼ ያልተለመኑበት መሐላ

ከደሴ ወደ አሜሪካ ልነሳ ዋዜማ ማታ እትዬ ሙሉነሽ ዶሮ ወጥ አቅርበው ፊቴ ተቀመጡ። «ብዪ» አሉ፤ «ጠግቤያለሁ» አልኩ። «በሞቴ» አሉ፤ «አይቸገሩ» አልኩ። በሦስተኛው ጎረስኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር፤ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን።

ስንሰነባበት ጠጋ ብለው «አጎትሽን ለዜግነት ፈተናው አስጠኚልኝ፤ ዜግነቱን ካገኘ የእኔ የቪዛ ጉዳይ ይፈጥናል ብለውኛል» አሉ። አገር ቤት ሥነ ዜጋ አስተማሪ ነበርኩና ደስ ብሎኝ ቃል ገባሁ።

ባላቸው፣ አጎቴ ጋሽ ወርቅነህ፣ ሮውሌት የምትባል የአሜሪካ ከተማ ይኖራሉ፤ አየር ማረፊያ የመንገደኞች አውቶቡስ ይነዳሉ። ያረፍኩበት ቤታቸው ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ግን የእኛን አገር ብርድና ጉም እንዳታስቡ። እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። በዚያ ሙቀት፣ ከሥራ ሲመለሱ እያስቀመጥኩ አስጠናኋቸው።

«የነጻነት መግለጫውን ማን ጻፈው?»

«ሚስተር ጄፈርሰን።»

«ሚስተር አያስፈልግም፣ ጋሼ።»

«ትልቅ ሰው እንዲሁ በስሙ አልጠራም።»

«እሺ። የመንግሥት ሥልጣን ለምን ሦስት ቦታ ተከፈለ?»

«ስለማይተማመኑ ነዋ። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይውላል።»

«ማለቴ፣ ትክክል ነው፤ ግን ለፈታኙ ኦፊሰር እንደዚያ አይበሉት።»

ከሁሉ የወደዱት፣ መንግሥት ሥልጣን የሚያገኘው ከሕዝቡ ፈቃድ ነው የሚለውን መርሕ ነበር። «ሶ፣ ሳይጠይቁኝ ምንም አያደርጉኝም?» አሉ። «አያደርጉዎትም» ብዬ ሳብራራ አመሸሁ።

የኢንተርቪው ቀን መኪናውን ኢሚግሬሽን ቢሮው ደጅ ፓርክ አድርጌ ጠበቅኳቸው። እየሳቁ መጡ።

«አለፉ?»

«አንድም አልሳትኩ። ሰውየውም ጨዋ ነው። ከሰዓት መሐላ አለ፣ ቦታም አለን፤ ዛሬውኑ ምለህ ዜጋ መሆን ትፈልጋለህ? አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«አይ ግዴለም፣ አትቸገሩ አልኩታ።»

ሞተሩን አጠፋሁ። «ከዚያስ?»

«ኦኬ፣ ደብዳቤ ይላክልሃል ብሎ ፋይሉን ከደነ።» ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። «ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ እኮ ነው። እስከ በሩ ድረስ በዝግታ ነው የተራመድኩት።»

ሮጬ ገባሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ኮምፒውተሯን አየች።

«ኖ ብለዋል።»

«እሺ ማለታቸው ነበር።»

«ግን ኖ ነው ያሉት?»

«አዎ። በጨዋ ደንብ።»

«ያለ ፈቃዳቸው ማስማል አንችልም።»

ያስተማርኩት መርሕ በመስኮት ተመለሰልኝ። የዛሬው ቦታ ለሌላ ተሰጠ፤ ደብዳቤው መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን ጠፋ።

ሃይዌዩ ላይ እትዬ ሙሉነሽ ደወሉ፤ በስፒከር አነሳነው። ጋሼ ሁሉንም ነገሯቸው።

«ስንት ጊዜ ጠየቀህ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ? አሳዳጊ የበደለው!»

ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ሙልዬ፣ አንቺ ግን ኤምባሲ ሲጠይቁሽ ወዲያው እሺ በይ። እንለማመድ።» ጉሮሯቸውን ጠርገው የኦፊሰሩን ድምፅ አወጡ። «ባልሽ ጋ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አይ፣ ምን ላስቸግር…» ብለው ጀመሩና እትዬ ቆም አሉ። ከዚያ ቀጠን ባለ ድምፅ፣ «እስቲ ድገምልኝ» አሉ።

ጋሼ ደገሙላቸው።