የውስጥ ጥገኛ

የበግ ትል መድኃኒት ሲሸተው የሕግ ትምህርት ትዝ የሚለው ሰው ከኔ በቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ደባርቅ ላይ የእንስሳት መድኃኒት መደብር አለኝ። ጠርሙሱን በከፈትኩ ቁጥር ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ መራራ ጠረን ብድግ ይልና ዓይኔ ወረቀቱ ላይ «ለውስጥ ጥገኛ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ብቻዬን እስቃለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ መድኃኒቱን ራሴ የምጠጣው ይመስለዋል።

ስማኝማ፣ ልንገርህ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ሞባይል የሚባል ነገር ገና አገራችን አልደረሰም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ፈተናው ደግሞ እኔን ጨርሶኝ፣ ቤት ተቀምጫለሁ። ሥራ ፈትነቴ ዳባት ድረስ የታወቀ ነበር። በዚያ ክረምት ከጎንደር አንዲት የሕግ መምህርት መጥታ እናቴ ቤት አንዷን ክፍል ተከራየች። ከኔ ብትበልጥ በጥቂት ዓመት ነው። ብርዳችንን ስላልለመደችው ያላትን ሹራብ ሁሉ ደራርባ ስትሄድ ከሩቅ የተጫነች በቅሎ ትመስላለች። የመጣችው ከቀዬው ሸሽቶ የተሰደደን ሰው ማን እንደሚቀበለው፣ በምን ሕግ እንደሚቀበለው ልታጠና ነው።

በመጀመሪያው ቀን መንገድ እንዳሳያት ብቻ ይዛኝ ወደ ቡይት ራስ ወጣች። አንድ አዛውንት ገብሳቸውን ሲያርሙ አገኘን። መምህርቷ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

«የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ከሌላ አካባቢ የተፈናቀለ ጥገኛ የመቀበል ልማድ አለው?»

አዛውንቱ ቀና አሉ። «ጥገኛስ አለ፣ ልጄ። ባለፈው ሰሞን ጠቦቶቼን ፈጀብኝ። መቀበሉን ማን ይቀበለዋል፤ ራሱ ይገባል እንጂ። መርፌ ይዛችኋል?»

«የምን መርፌ?» አለች።

እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ጋራው መልሰው «ኧረ የከብት ሐኪሟ መጣች፣ በጉን አውርዱ!» ብለው ተጣሩ። የሰሜን ተራራ በግ በሙሉ ወረደብን። እኔ ሳወራው ሺህ አደርሰዋለሁ፤ እውነቱን ከፈለግህ አንድ ጓሮ የሚሞላ ነበር። መምህርቷ በረጠበ ሱፍ ሽታ መሐል፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች፣ አንዱ ሙክት የቀሚሷን ጫፍ እያኘከባት ቆመች።

አዘንኩላትና «አያ፣ ሰው ሸሽቶ መጥቶ ጥግ ስጡኝ ብሎዎት ያውቃል ወይ ነው የምትለው» አልኳቸው።

የአዛውንቱ ፊት ተለወጠ። «ታዲያ እንዲህ አትልም? ጥግ ላለ ጥግ ይሰጠዋል። እስኪሞቀው ምን አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም። ጥግ የያዘም የቤቱን ጌታ አያሳፍርም፤ አብሮት ጥግ የያዘውን አይነካም።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ እየሳቀች ሁለት ጊዜ ተንሸራተተች። ከዚያ ድንገት ቆማ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ጥገኝነት፣ ጥገኝነት እያልኩ ሳስተምር ውስጡ ያለውን ጥግ አላየሁትም» አለች። በማግስቱ በአስተርጓሚነት ቀጠረችኝ። ከምን ወደ ምን እንዳትለኝ፤ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀበሌው አዳራሽ ሕግ ማስተማር ጀመረች። እሷ «ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ሰው ይቆጠራል» ስትል፣ እኔ ተነሥቼ «በግህ ስለጠፋ ብቻ ጎረቤትህን አትየው፤ መጀመሪያ ጅቡንም ጠይቅ» እላለሁ። አዳራሹ ይስቃል። እሷ ዞር ብላ «እኔ እንዲያ አልኩ?» ትለኛለች።

«አሳጠርኩት እንጂ፣ መምህር።»

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ቤቱ ውስጥ የእርጥብ ማገዶ ጭስ ታፍኖ፣ መምህርቷና እኔ ጽሑፏን ስናስተካክል የበሩን ብርሃን አንድ ሰው ሸፈነው። የኔ እኩያ ነው። ከዛሪማ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በእግሩ ወጥቷል፤ ሸራ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ ያለቅሳል። መቃኑን ተደግፎ እናቴን እያየ፣ «እማማ፣ ጥግ ስጡኝ» አለ።

መምህርቷና እኔ ተያየን። ክረምቱን ሙሉ ጋራ ለጋራ የለቀምነው ቃል ራሱ በእግሩ መጣ። እናቴ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠችውና ጋቢ አለበሰችው፤ የኔን ጋቢ ነው ታዲያ፣ የራሷን መሰለህ? ሲሞቀው ነገሩን አወጣ። ወንድሙ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገድሎ ጠፍቷል። የሟች ወገኖች ገዳዩን ሲያጡ ደሙን ከሱ ሊመልሱ ፊታቸውን ወደዚህኛው አዙረዋል። እሱ ጠቡ ላይ እንኳ አልነበረም።

ብዙም አልቆየ፤ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ደረሱ። አንደኛው ራሳቸው ነጭ የሆነ ሽማግሌ፣ የሟች አጎት ናቸው። ሁለቱ የሟች ወንድሞች ናቸው፤ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ በጠብመንጃ ቅርጽ ቆሟል።

«እሜቴ፣ እዚህ ቤት ሰው አለን» አሉ ሽማግሌው።

እናቴ አፏን ሳትከፍት መምህርቷ ቀድማ ደፉ ላይ ቆመች። እንደ እሑዱ አዳራሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። «በሕይወት የመኖር መብት የማይደፈር ነው። የወንጀል ኃላፊነትም የግል ነው፤ ወንድም በወንድሙ ድርጊት አይጠየቅም።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። መተርጎም ሥራዬ ነው፤ ተረጎምኩ። «ይኼን ደፍ የተሻገረ ሰው፣ የጎንደር ዳኛ በሙሉ፣ ጡረታ የወጣው ሳይቀር፣ ከዘራውን ይዞ ይመጣበታል ነው የምትለው።»

«ይኼን ሁሉ አለች?»

«አሳጠርኩት እንጂ፣ አያ።»

ማንም አልሳቀም። ከሁለቱ የታናሹ እጅ ጋቢው ውስጥ ገባ።

በረዶው የወረደው ያኔ ነው። ያን ጊዜ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር፤ ሳወራው እያደገ አሁን የሰጎን እንቁላል አክሏል። ቆርቆሮው ጮኸ። ሰዎቹ አይሄዱም፣ አይገቡም፤ በረዶው የሽማግሌውን ነጭ ራስ ይደበድበዋል። መምህርቷ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ከደፉ ላይ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

«አያ፣ ይግቡ። እርስዎም ጥግ ይያዙ።»

ይኼን ማንም አልተረጎመላቸውም። ሽማግሌው ሰማዩን አዩ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች አዩ፣ ገቡ። ወንድማማቾቹ ጠብመንጃቸውን ደፉ ላይ አጋድመው ተከተሏቸው። በዚያች ክፍል አንደኛው ግድግዳ ሥር ደመኞቹ ውኃ ያንጠባጥባሉ፤ ከበሩ ጀርባ ልጁ ጋቢዬ ውስጥ ተኮራምቷል።

የቆርቆሮው ጩኸት ጋብ ሲል መምህርቷ ጉልበቷን አቅፋ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጠች። «አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ አሁን እዚህ ቤት ጥግ ይዘዋል?»

«ይዣለሁ። በረዶው አስገብቶኝ።»

«እሱስ?»

ሽማግሌው ወደ በሩ ጀርባ አልዞሩም። «እሱም ይዟል።»

«ጥግ የያዘ አብሮት ጥግ የያዘውን ይነካል ወይ?»

ታናሹ ወንድም «አጎቴ» ብሎ ሊናገር ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ አጠመድሽን።»

«ያጠመድዎት በረዶው ነው፣ አያ።»

ያን ጊዜ እናቴ ቆሎ አቀረበች። ደም ሳይደርቅ አብሮ አይበላምና ሽማግሌው አልቀመሱም። ግን አንድ እፍኝ ዘገኑና ጨብጠው ተቀመጡ። በማግስቱ አስታራቂ ቄስ ፍለጋ የሄዱት ራሳቸው ናቸው። ለመስቀል ዕርቁ ወርዶ ደሙ ደረቀ።

የዛሪማው ልጅ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከበሩ ጀርባ ተኝቶ ከረመ፤ መምህርቷ ወደ ጎንደር እስክትመለስ እሑድ ሕግ ይማራል፣ ሰኞ የተማረውን በኔ ላይ ይከስስበታል። ጋቢዬን ብቀማው የሁከት ክስ ሊመሠርትብኝ ይዳዳዋል። ዓመቱ ሲዞር በወንድሙ ጦስ እርሻው ከእጁ እንደወጣ ገባው። አንድ ጠዋት ጋቢውን አጥፎ ጥጉ ላይ አስቀመጠና ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ በመተማ በኩል ሄደ። ከካርቱም አንድ ጊዜ ወሬው መጣ። ሊቢያ አይተነዋል ያሉም ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የለም።

መምህርቷ ባሕር ማዶ ተምራ ፕሮፌሰር ሆነች። ስደተኛን አሳልፈው የማይሰጡ ከተሞችን ስታጠና ኖረች። የመማፀኛ ከተሞች ትላቸዋለች፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ ቃል። «ምን ማለት ነው?» ብዬ በስልክ ብጠይቃት «የናትህ ቤት፣ ከንቲባ ተሹሞባት» አለችኝ። አዲስ ተማሪዎቿን የምታስተምረው መጀመሪያ የቡይት ራስን በጎች ነው፤ ከዚያ አንድ አንቀጽ ትሰጥና ሕግ ላልተማረ ሰው ተርጉማችሁ ኑ ትላቸዋለች። በሄደችበት ከተማ ሁሉ ጥናቱን ስትጨርስ አንድን የዛሪማ ልጅ በስሙ ጠርታ ታፈላልጋለች።

እናቴ አርፋለች። የዛሬው መደብሬ ያችው ክፍል ናት። በሦስቱ ግድግዳ እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ሠርቻለሁ፤ ከበሩ ጀርባ ግን ባዶ ነው። ደንበኞቼ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ የማልዋሸው ውሸት የለም። አንዱን ጂን ይቀመጥበታል ብዬው ድርሽ ብሎ አያውቅም።

መምህርቷ በየእንቁጣጣሹ ትደውላለች። ሰላምታው ሲያልቅ «ከልጁ ወሬ አለ?» ትለኛለች። «የለም» እላታለሁ። ሳልጨምርም ሳልቀንስም የተረጎምኩላት እሱን ብቻ ነው።

ለዘንድሮው እንቁጣጣሽ ደወለች። ድምፅዋ አርጅቷል። ስለ ልጁ አልጠየቀችኝም፤ «ጥጉስ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።