በከድር ሱቅ የሰማሁት ሮክ

በደርግ ጊዜ ነው። የበኩር ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከቀበሌ ስብሰባ ስወጣ ዲላ ገበያ አጠገብ ካሴት የሚሸጠው ከድር ጠራኝ።

«ና እስቲ ስማልኝ፤ አዲስ የፈረንጅ ሮክ መጥቶልኛል!»

ሮክ ለእኔ ጩኸት ነበር። ይህ ግን ሌላ ሆነብኝ። ጊታሩ በዝግታ ያቃስታል፤ የዘፋኙ ድምፅ ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቋንቋውን ሳላውቀው እንባዬ ወረደ።

«ከድር፣ ይሄ ሰው ልጅ ሞቶበታል» አልኩት።

«ኧረ ወንድሜ፣ የጭፈራ ዘፈን ነው! የቴፑ ባትሪ ድንጋይ አልቆ እኮ ነው የሚጎተተው» አለና አዲስ ድንጋይ ከተተበት። ዘፈኑ ይፈነጥዝ ጀመር።

«እባክህ ከድር» አልኩት፣ «አሮጌውን ድንጋይ መልሰው።»