ሲመሽ የሚገቡት ሾፌር

ዛሬ የጭነት ማኪና የት እንደደረሰ በስልክ ይታያል። ሊማሊሞን ሲወርድ፣ ዛሪማ ሲቆም፣ ሁሉም ካርታው ላይ አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ አልጠላሁትም። እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን ያ ጎንደር አራዳ የነበረው ጠባብ ቢሮ፣ ጠረጴዛውን ሞልቶ የሚተኛው የጉዞ መዝገብ፣ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው «ገባን፣ ጻፈን!» የሚሉት ሾፌሮች ይናፍቁኛል። እዚያ ያጠፋሁትም ቢሆን ከነሕመሙ ይናፍቀኛል።

ከመቀጠሬ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ አባቴም ቄስ ናቸው። ሥራውን ያስገኘልኝ የእጅ ጽሑፌ ነው። እያንዳንዱ ማኪና የወጣበትን ቀን፣ የጫነውንና የተመለሰበትን ቀን እጽፋለሁ። ሲሄዱ ስሚንቶና ሳሙና፣ ሲመለሱ ማሽላ። «ስሚንቶ» የሚለውን ቃል እንኳ እንደ ድጓ አሳምሬ ነበር የምጽፈው። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ከሾፌሮቹ ሁሉ አንድ አዛውንት እወድ ነበር፤ ሁላችንም «አያ» እንላቸዋለን። የዛሪማ መስመር የእሳቸው ነው። ደንቡ በአንዱ ቀን ሄዶ በማግስቱ መመለስ ነበር። ሌሎቹ ጀንበር ሳትጠልቅ ጎንደር ይገባሉ፤ አያ ግን ሊማሊሞን እንደ ሙሽራ በቅሎ ዝግ ብለው ስለሚወጡት ሁልጊዜ የሚደርሱት ከመሸ ነው። ስንቀልድባቸው «ገደል የቸኮለ ሰው ይወዳል» ይሉናል።

በሦስተኛው ወር ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ መረመረው። የአያ ጉዞ ሁሉ ሦስት ሦስት ቀን ሆኖ አገኘና አስጠራቸው። እኔም እዚያው ቆሜያለሁ።

«ሦስተኛውን ቀን የት ነው የሚውሉት?» አላቸው።

አያ ባርኔጣቸውን አውልቀው መዝገቡን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። «በሁለት ቀን የምመለስ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ዳሩ ይህ ልጅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ ያልሆነ አይጽፍም። እንጃ፣ እርጅና ይሆናል።» የማኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወጡ።

አዘንሁላቸው እንጂ ራሴን አልጠረጠርሁም። ቀን መቁጠር የአለቃው ሥራ ነው፤ የእኔ መጻፍ ብቻ ነው እያልሁ እንቅልፌን ተኛሁ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ አንድ ወጣት ሾፌር ጎማ ተንፍሶበት ከመሸ ገባ። ስጽፍ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና ሳቀብኝ። «ምነው! ዛሬ እኮ ሃያ ነው። የነገዋን ማርያም ዛሬውኑ ልታከብራት ነው?»

«ጀንበር ከጠለቀች የነገው ቀን ነው» አልሁት። እንዲያ ነው ያደግሁት፤ ዋዜማው ከተቆመ በኋላ ዕለቱ የነገው በዓል ነው።

«እሱ ለማኅሌት ነው፤ ለስሚንቶ አይደለም!» አለኝ።

ገጹን ወደ ኋላ ገለጥሁ። አያ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ወጥተው በአሥራ ሦስት ማታ ሲገቡ፣ እኔ አሥራ አራት ብዬ ጽፌያለሁ። በየጉዞው እንዲሁ ነው። ከመሸ የሚገቡት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ጥፋቴ ሁሉ ያረፈው በእሳቸው ላይ ነው። ያ የምኮራበት ፊደል አስጠላኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ምንም ሳልደብቅ ነገርሁት። ጮኸብኝ፤ ይገባኛል። «ሂድና ራስህ አምጣቸው» አለኝ።

ፀዳ ሰፈር ካለው ቤታቸው ስደርስ አጥር እያጠሩ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ዕለቱን እንዴት አድርጌ እንደጻፍሁት ከሥሩ አስረዳኋቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አያ። እርስዎ አንድም ቀን አልዘገዩም» አልኋቸው።

ስድባቸውን ስጠብቅ፣ መዶሻውን ጥለው ወደ ቤት ተጣሩ። «አንቺ! ነይ ስሚ! አልጃጀሁም! ጭንቅላቴ ደህና ነው!»

ባለቤታቸው እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ። ነገሩን ሲሰሙ በሩን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቁልፉን ካስረከቡ ወዲህ ማልደው እየተነሡ ‹ዛሬ ምን ቀን ነው?› እያሉ ሲጠይቁኝ ነው የሰነበቱ።»