የመጀመሪያው ዝናብ ለጣሪያው

ክረምት ሲገባ ለቡ ባለው ቤታችን አሸንዳ ሥር በርሜል ይቀመጣል። ወዲያው ግን አይደለም። እማዬ ሕግ አላት፦ የመጀመሪያው ዝናብ ለጣሪያው ነው፣ አጥቦት ይሂድ፤ ሁለተኛው ይያዛል። በዚያ ውሃ እሁድ እሁድ ፀጉሬን ታጥበኝ ነበር። ሳሙናው ተራ የልብስ ሳሙና ነው፤ አረፋው ግን እስከ ትከሻዬ ይወርዳል። የቧንቧ ውሃ እንዲያ አያደርግም። ያኔ ከፊታችን አጎቴ የሚያርሰው የጤፍ ማሳ ነበር።

ማሳው አሁን ፎቅ ነው። ከጎኑም ፎቅ፣ ከኋላው ደግሞ ያላለቀ ፎቅ። ሲሚንቶ ሲራገፍ ያሰጣነው ልብስ ሁሉ ዱቄት ይለብሳል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የኬሚስትሪ መምህራችን ከየሰፈራችሁ የዝናብ ውሃ አምጡ አለን። እኔ ጉረኛዋ፣ ጣሪያ ያልነካውን፣ ሜዳ ላይ በሳፋ የያዝኩትን ይዤ ሄድኩ። ቀዩ ሊትመስ ወረቀት ሰማያዊ ሆነ።

"አንቺ፣ ይሄ ዝናብ ነው ወይስ የግንበኛ ባልዲ?" ብሎ ሳቀብኝ። የሲሚንቶ አቧራ አየር ላይ ከዝናቡ ጋር ይቀላቀላል፤ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ደግሞ ሳሙና አይቀበልም አለን።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ሁሉን ፊት ለፊት የምናገረው እኔ ይቺን ዋጥኳት።

አምና ሥራ አግኝቼ ጎፋ ቤት ስከራይ፣ "ከመሄዴ በፊት በዝናቡ ውሃ እጠቢኝ" አልኳት። ሳሙናው እንደ አይብ ፍርፋሪ ፀጉሬ ላይ ቀረ። እማዬ እጇን አገላብጣ አየችው።

"እጄ ነው መሰለኝ የደከመው።"

"እጅሽ ምን አደረገ? ዝናቡ ነው!" አልኩና የሊትመሱን ነገር ዘረገፍኩት።

"ሰማይ ይቆሽሻል እንዴ? ጣሪያው ነው። ሁለተኛውንም መልቀቅ ነበረብኝ።"

ጎፋ ሻወር አለኝ፣ ሻምፑ አለኝ። አንገቴን የሚይዝ ሰው የለኝም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል፦ "ሦስተኛውንም ለቀቅኩት። አራተኛውን ይዤልሻለሁ፣ ነይ።"

ባለፈው እሁድ በሚኒባስ ሄድኩ። በርሜሉን አየሁት፤ ከላዩ ስስ ነጭ ነገር ሰፍፏል።

"እማዬ፣ ይሄም አረፋ አያወጣም እኮ።"

"አፍሽን ዝጊና አጎንብሺ፣ ሳሙና ይገባብሻል!"

የቱ አረፋ፣ ልላት ነበር። እጇ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ተውኩት።